የመጦሪያው ታሪክ ለእንግዳ እንዲታይ እማሆይ ክፍላቸውን ስለሚለቁበት ሁኔታ

ቅዳሜ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3፡20። ቦታው ሞላሌ አጠገብ ያለው የደብራችን አረጋውያን መጦሪያ ነው። ስብሰባው የተጠራው አዳራሽ ነበር። አዳራሹ ስለቀዘቀዘና እሳት ያለበት የእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ክፍል ብቻ ስለሆነ ወደዚያ ተዛውሯል።

የተገኙ፦
1. አቶ ትዕዛዙ ወልደ ጻድቅ፣ ሰብሳቢ (አልጋው ላይ፣ በግርጌ)
2. ወ/ሮ ጌታነሽ፣ የበዓል ዝግጅት (አልጋው ላይ፣ መሀል)
3. ቄስ አትናቴዎስ፣ አባል (ወንበር ላይ)
4. ጌጡ፣ ጸሐፊ (በርጩማ ላይ፣ በሩ ሥር)

ያልተገኙ፦ ወ/ሮ አማከለች፣ ለቅሶ ሄደው።

ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። እማሆይ አልጋው ውስጥ ቢኖሩም ተጧሪ ስለሆኑ አልተቆጠሩም።

አጀንዳ 1፦ ለመጦሪያው ሃያኛ ዓመት በዓል በሚታደለው የታሪክ ጽሑፍ ላይ መሥራቹ ማን ይባል?

ሰብሳቢው አባታቸው አቶ ወልደ ጻድቅ እንዲባሉ በትሕትና ጠየቁ። ቄስ አትናቴዎስ መሥራቹ ደብሩ ነው አሉ። ከአልጋው ውስጥ "ቤቱስ የኔ አልነበረም እንዴ?" የሚል ድምፅ መጣ። ሰብሳቢው እማሆይ እጅ ሳያወጡ መናገራቸውን አስገነዘቡ። እማሆይም ወ/ሮ ጌታነሽ እጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ገለጹ። ወ/ሮ ጌታነሽ ትንሽ ጠጋ አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ መሥራቾቹ ደብሩና አቶ ወልደ ጻድቅ እንዲሆኑ፣ እማሆይ "ከምሥረታው ጀምሮ በቦታው የነበሩ" ተብለው እንዲጻፉ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የታሪክ ክፍል

ወ/ሮ ጌታነሽ ይህ ክፍል የመጀመሪያው ክፍል ስለሆነ ለእንግዶች እንዲከፈት፣ አልጋው፣ መቋሚያውና የሱፍ ባናው እንዲታዩ፣ እማሆይ ከገብሱ ጎተራ ጎን ወዳለው ክፍል እንዲዛወሩ አቀረቡ። ቄስ አትናቴዎስ ባናው ለእይታ ከቀረበ እማሆይ በዚህ ብርድ ምን ይልበሱ ብለው ጠየቁ።

ጸሐፊው ሦስት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ የጎተራው ክፍል ያፈሳል። ሁለተኛ፣ እማሆይ ያስላቸዋል። ሦስተኛውን ሲጀምር ድምፅ ይሰጥ ተባለ።

ከረጅም ውይይት በኋላ እማሆይ እስከ ማክሰኞ እንዲለቁ፣ ባናው ማታ ማታ በውሰት እንዲሰጣቸውና ጠዋት በፊርማ እንዲመልሱ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ የጠፋው የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ

ሰብሳቢው የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ተገኝቶ በመስታወት ውስጥ እንዲቀመጥ አሳሰቡ። እማሆይ "ትዕዛዙ፣ የተቀመጥክበት ሥር ነው" አሉ። ሰብሳቢው ተነሥተው ፍራሹ ሲገለጥ ቃለ ጉባኤው የተጻፈበት ደብተር ተገኘ። ጸሐፊው ተራ ቁጥር 4ን አነበበ፦ "ወለተ ኢየሱስ ቤታቸውን ለደካሞች ሰጥተዋል። እሳቸው ግን በሕይወት እስካሉ ከዚህ ክፍል ማንም አያስነሣቸውም።" ከሥሩ የአቶ ወልደ ጻድቅ የጣት አሻራ አለ።

ሰብሳቢው አሻራው የአባታቸው ስለመሆኑ ማስረጃ የለም አሉ። እማሆይ "ና ወደዚህ፣ እየው። መሀሉ ላይ የተሰነጠቀው ማጭድ የቆረጠው ነው። አባትህ ሲደክም እዚሁ አልጋ ላይ ሦስት ወር አጥቤዋለሁ፤ አንተ ለፋሲካ ብቻ መጣህ። ጣቱን እኔ ሳላውቅ ማን ሊያውቅ ነው?" አሉ።

ሰብሳቢው አልጋው ላይ ተመልሰው አልተቀመጡም። ጎንበስ ብለው አሻራውን ለአራት ደቂቃ አዩት፤ ጊዜውን ጸሐፊው ይዟል። ከዚያ "ጌጡ፣ አባቴን ከመሥራቾቹ ላይ አውጣው" አሉ።

ያለ ውይይት የተወሰነ፦

ሀ. በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።
ለ. እማሆይ ከክፍላቸው አይነሡም።
ሐ. ከአልጋው የሚነሡት ወ/ሮ ጌታነሽ ናቸው።

ሐ ወዲያው ተፈጽሟል። ስብሰባው 5፡45 ላይ ተበተነ። እማሆይ ይኸኛውም ቃለ ጉባኤ በእሳቸው ፍራሽ ሥር እንዲቀመጥ አዘዙ፤ ተቀምጧል።

ጌጡ፣ ጸሐፊ