እሹሩሩን መወልወል

በዚህ ዘመን ሳይወለወል ከቤት የሚወጣ ነገር የለም። ፎቶ ይወለወላል፤ ስልኩ ማንም ሳይጠይቀው የግንባርን መስመር አጥፍቶ ያስረክባል። ቤትም ይወለወላል፤ እኛ ሰፈር፣ ዘንዘልማ፣ ወደ መንገድ የሚያየው ግድግዳ ብቻ ቀለም ይቀባና የቀሩት ሦስቱ ብሎኬታቸውን እንዳፈጠጡ ይከርማሉ። ሰው ራሱ ሠርግ ሲጠራ ምን ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ እኔ ሰው አላማም። ታዲያ ዘፈን ከማን አንሶ ይቀራል? እሱም ይወለወላል። ስሙ ማስተሪንግ ነው።

ስሙ አያስደንግጣችሁ። ልጅ ሳለሁ ስሠራው የነበረ ሥራ ነው። ባሕር ዳር መናኸሪያ በር ላይ ሊስትሮ ነበርሁ። ጫማ ሰፊው የተቀደደውን ይሰፋል፣ የተላቀቀውን ይለጥፋል፣ ተረከዙን ይመታል፤ እሱ ሲጨርስ ወደ እኔ ይመጣል። የእኔ ድርሻ የመጨረሻው ነው፤ አቧራውን አራግፎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በጨርቅ አብርቆ ለዓለም ማሳየት። ማስተሪንግም ይኸው ነው። ዘፋኙ ዘፍኖ፣ ክራሩ ተመትቶ፣ ሁሉም በየልኩ ተቀላቅሎ ካለቀ በኋላ፣ ያ ሚክስ የሚሉት ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና ፕሮግራሙ ያብሰዋል። የደበዘዘውን ያነሣል፣ የሚጎረብጠውን ይጫናል፣ በመጨረሻም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወጣዋል። የተቀደደውን ግን አይሰፋም። ያን ጊዜም አይሰፋም ነበር። ደንበኛው ግን ምንጊዜም የሚቆጣው ሊስትሮውን ነው።

ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት የመብራት ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ከዚያ ውጭ ቤቴ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ግድግዳዋ ሁሉ ብርድ ልብስ የለበሰ። እዚያ ክራሬን እመታለሁ፣ የሰፈር ልጆች የሚዘፍኑትን እቀዳለሁ፣ እወለውላለሁ። ዘንዘልማ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ ነው አልልም። ትናንት ጤፍ የነበረው ዛሬ ቤት እየሆነ ነውና በዘፈኑ መካከል የቆርቆሮ መዶሻ ይገባል፣ የባጃጅ ጥሩምባ ይገባል፣ ማሳውን ገና ያልለቀቀ ገበሬም ጅራፉን ያስጮህበታል። ፕሮግራሙ አድልዎ አያውቅም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ያበራል። አንዱ ልጅ ለወደዳት ልጅ የዘፈነውን ይዞልኝ መጣ። ቤቱ ሆኖ በስልክ የቀዳው ነው፤ መካከሉ ላይ እናቱ «ሽሮው ቀዘቀዘ እኮ!» ስትል ትሰማለች። አጥፋልኝ አለ። እንዴት አድርጌ? ከድምፁ ጋር ተጣብቋል። ወልውዬ ስጨርስ ሽሮው ከፍቅሩ በልጦ ተሰማ። ልጅቱ ግን ወደደችው ይባላል።

የዚህ ሥራ ሕጉ አንድ ነው። ዘፈኑ የትም ቢከፈት መስማማት አለበት፤ በባጃጅም፣ በሚኒባስም፣ በስልክም፣ በአዳራሽም። ለአንድ ሰው ጆሮ ተብሎ አይወለወልም። እኔም ይህን ሕግ አጥብቄ ይዤ ነበር፤ እትየ አንጓች እስክትመጣ ድረስ።

እትየ አንጓች ታላቅ እኅቴ ናት። እናታችን ስትሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ከልጅም ልጅ። እሷ ፋብሪካ ገብታ ፈትል ክፍል ተቀጠረች፤ እኔ መናኸሪያ ዋልሁ፤ ሲመሽ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እንገናኝ ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ አላወራም። እራት የሌለ ቀን እትየ እሹሩሩ ትለኝ ነበር፤ ይኸው ነው። ዕድሜዬ ለእሹሩሩ አልፎ ነበር። ግን ይሠራል። እተኛ ነበር።

ልጇ ህብስት ድሬዳዋ ናት፤ ባሏ እዚያ ተመድቦ ነው የሄዱት። ዘንድሮ ወለደች። የእትየ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። እናት የልጇን አራስ ቤት ሳትገባ ስትቀር ምን እንደሚሰማት ለእናንተ አልነግራችሁም። ገንፎውን ማን ያገነፋል፣ ሕፃኑን ማን ያጥባል፣ ከሁሉም በላይ አራሷን ማን ይቆጣል? የእትየ ጉልበት ግን ከቤት እስከ ባጃጅ ነው የሚያደርሳት። ሐኪሙም ረጅም መንገድ አይሆንም ብሏታል። እሷ ቀድማ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር፤ ከተከለከለች በኋላም አልፈታችውም፤ አልጋው ሥር እንደተቆለፈ ተቀመጠ። ህብስት ይህን ስትሰማ በስልክ «እማዬ፣ በቃ እሹሩሩሽን ላኪልኝ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ ልጁ አልተኛ ብሎኛል» አለቻት።

ሌላ ሰው ቢሆን ማጽናኛ ነው ይል ነበር። እትየ እንደ ሥራ ምደባ ወሰደችው።

በማግሥቱ በባጃጅ መጣች። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች።

«ፎቶ አይደለም እኮ እትየ፤ ድምፅ ብቻ ነው» አልኋት።

«አውቃለሁ። ቢሆንስ የልጅ ልጄን በቤት ልብስ ላናግረው ነው?»

ማይክራፎኑ ፊት ተቀምጣ ጀመረች፣ ተወች። እንደገና ጀመረች፣ ተወች። ጉሮሮዋን ጠረገች። ኋላ ነው የገባኝ፤ እጇ ባዶ ነው። በባዶ እጅ እሹሩሩ አይወጣትም። ባለቤቴ የሶፋ ትራስ አምጥታ አስታቀፈቻት። እትየ ትራሱን አገላብጣ አየችው፣ አፍንጫዋን ነፋች፣ ቢሆንም ተቀበለችው፤ ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረገች እስከ መጨረሻው ዘፈነች። ስትጨርስ ትራሱን ሶፋው ላይ ቀስ ብላ ነው ያስተኛችው።

ቀሪው ሥራ ቀላል መሰለኝ። ፕሮግራሙ የራሱ ረዳት አለው፤ ስትጫኑት ጥቂት ያዳምጥና ዘፈኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ራሱ ይወስናል። የእትየን አዳመጠ። አሰበ። «ዳንስ» ብሎ ጻፈ። ቸብ ቸቡን ከበሮ አድርጎት ነው። ረዳቱን አመስግኜ አሰናበትሁትና በእጄ ሠራሁ። አለሰለስሁት፤ ጥጥ አስመሰልሁት። ከዚያ እትየን ጠርቼ ደህናውን የጆሮ ማዳመጫ አደረግሁላት።

«ይኼ ማነው ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚያንጎራጉር?» አለች።

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ ቃል አለኝ። ይኼ ቃል የለው፤ እምም እምም ብቻ።»

ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ አነሣሁ። ንግግርን ጥርት የሚያደርገው እሱ ነው። «አሁንስ?»

«ውኃው ጎደለ እንጂ አልወጣሁም። ጨምር።»

ጨመርሁ። «ጨምር» አለች። ጨመርሁ። የኔን ጆሮ ይወጋኝ ጀመር፤ እሷ ግን አሁንም «ጨምር» ትላለች። ያን ጊዜ እጄ ማውሱ ላይ ቀረ።

የፈትል ማሽን ጆሮ ይወስዳል ሲባል ሰምቻለሁ። በአንድ ቀን አይወስድም፤ በየፈረቃው ጥቂት ጥቂት ነው፤ ሲጀምርም ከቀጭን ቀጭኑ ይጀምራል። ጎረቤት ሁሉ «አንጓች ስታወራ ትጮሃለች» ሲል እኔ ጠባይዋ ነው እል ነበር። አሁን ግን ስክሪኑ ላይ ባለቀለሙ ሞገድ የት ጋ ሲደርስ ፊቷ እንደሚፈካ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። በዚያ ማሽን ፊት ቆማ ማንን እንዳበላችና ማንን እንዳስተማረችም አውቃለሁ።

እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

«ምነው ዘጋህ? ማሽንህ ደነቆረ እንዴ?»

«አዎ» አልሁ። «ትንሽ።»

ከዚያ ሕግ የሚባለውን ትቼ ያለኝን ሁሉ ሰጠኋት። እሹሩሩ ባለች ቁጥር «ሹ» የምትለዋ የጋለ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ቸስ ትላለች። በየመካከሉ የምትስበው ትንፋሽ ወናፍ ሆነ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት «ምን ተቃጠለ?» እያለች ወጣች። እትየ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዐይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

«እሱ ነው! አሁን ገና እኔን ሆነ። ይህንን ላክላት።»

ሳልልክ በፊት ጎረቤቴን ሐዋን ማማከር ፈለግሁ። ሐዋና ባሏ ከወረታ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ ከተማ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ቤታቸውም መቼም ሕፃን አጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን የነበረው ተኝቷል። እሹሩሩውን በስልኬ ከፈትሁ። ሕፃኑ ነቃ። መንቃት ብቻ አይደለም፤ ማንን ልክሰስ በሚል ዐይን ዙሪያውን ቃኘና ጩኸቱን ለቀቀው።

«ያ አላህ! ኧረ ጋሼ» አለች ሐዋ ልጁን እያነሣች፣ «ይኼ እሹሩሩ ነው ወይስ አምቡላንስ?»

የለሰለሰውን ከፈትሁላት። ልጁ ተኛ። ሐዋም ግድግዳውን ተደግፋ አንቀላፋች። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ማንም ሊስትሮ ያላደረገውን አደረግሁ፤ የአንድን ሰው ግራ ጫማ ጥቁር፣ ቀኙን ቡኒ ቀባሁ። የለሰለሰው ድሬዳዋ ሄደ። ሽንኩርቱ እትየ ስልክ ላይ ተጫነ። ሁለቱም ወገን ደስ አለው። ህብስት ልጁ መተኛት እንደጀመረ ጻፈች። እትየ ሻንጣዋን ፈታች፤ በድምፄ አራስ ቤት ገብቻለሁ አለች። እሹሩሩውን በየሄደችበት ትከፍተዋለች፤ ባጃጅ ውስጥም ጭምር። ሹፌሮቹ «በጣም ያምራል እናቴ» ይላሉ፣ አንድ ጆሯቸውን በትከሻቸው እየደፈኑ።

እኔ የምፈራው ሁለቱ ስልኮች የሚገናኙበትን ቀን ነበር። እሹሩሩው ሁለት መሆኑን ካወቀች ለምን ሁለት ሆነ ትላለች። መልሱ ጆሮዋ ነው። ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ ሆኖ ሕፃኑን የሚያስተኛው ድምፅ እሷ ልትሰማው የማትችለው ድምፅ መሆኑን ማን አፍ አውጥቶ ይነግራታል? ሻንጣው እንደገና አልጋው ሥር ሲገባ ታየኝ።

እሑድ ከሰዓት ጣና ዳር ወሰድኋት። ውኃው ጠርዝ ላይ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ህብስት በቪዲዮ ደወለች። ሕፃኑን አቅፋዋለች።

«እማዬ፣ እንዴት እንደሚተኛልሽ ላሳይሽ። ያንቺን ድምፅ ከስልኬ ላይ ዘግቼዋለሁ፣ እንዳትቀሰቅሽብኝ» ብላ ሳቀችና በሌላ ስልክ እሹሩሩውን ከፈተች። የለሰለሰውን።

እትየ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች። አራቀችው። ግንባሯን ቋጠረች። መልሳ ለጠፈች።

«ኔትወርኩ ነው» ልል አፌን ስከፍት ከደቅ ደሴት የመጣች ጀልባ ወደ ዳሩ ተጠጋች፤ ሞተሯ አካባቢውን ናጠው። ተመስገን አልሁ። አሁን ማንም ምንም አይሰማም፤ እኩል ሆንን።

እትየ ግን ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ፊት ለፊቷ ያዘችው።

«እትየ...»

«ዝም በል፣ አንት ልጅ!»

ስክሪኑ ላይ ህብስት ልጇን እያወዛወዘች ከዘፈኑ ጋር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። እትየ ጥቂት አየቻት። ከዚያ ከስንኙ መካከል ገባችና ከሞተሩ በላይ ለቀቀችው፦

ፈትሉ ተበጠሰ፣ ቀጥዬው መጣሁ፤
እንቅልፍህ ቢበጠስ በምን እቀጥለዋለሁ?

ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ተሰማኝ። የተወለወለችው እትየና ያልተወለወለችው እትየ አንድ ቃል ላይ ነበሩ። አንዷም ከሌላዋ አልቀደመችም፣ አልዘገየችም። ሕፃኑ ዐይኑ ተከድኗል። ህብስት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እናቷን ከሩቅ ሳመቻትና ስልኩን ዘጋች።

እትየ ሻይዋን አነሣች።

«አለስልሰህ ነው የላክህላት» አለች። እየጠየቀችኝ አልነበረም።

«አዎ።»

«ደግ አደረግህ። የኔኛው ሕፃን ይቀሰቅሳል። የባጃጁ ልጅ ጆሮውን ሲደፍን ያላየሁት መሰለህ?»

«ታዲያ አሁን እንዴት ሰማሽው?»

«አየሁት እንጂ መች ሰማሁት። ፈትል ክፍል ማን ማንን ይሰማል? ከንፈር ለከንፈር ነው የምናወራ። አለቃችንን መካከል አቁመን ስንቱን አምተነዋል!» ብላ ከልቧ ሳቀች።

«ጆሮሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንተ ገና ጢም ሳታወጣ። ፊትህን ወደኔ አዙረህ አውራ እያልሁ ስቆነጥጥህ የኖርሁ ለምን ይመስልሃል? ሥርዓት ላስተምርህ?»

መስሎኝ ነበር። ደግሞም ቁንጥጫው አልሠራም፤ እስካሁን አንገቴን ደፍቼ ነው የማወራው። ስንቱ ነገር ጠረጴዛ ላይ ወድቆ እንደቀረ እግዜር ይወቀው።

ዙሪያዬን አየሁ። ሻይ ቤቱ ሞልቷል፤ ከጀልባዋም ሰው እየወረደ ነው። ቀና አልሁ። ፊቴን ወደ እሷ አዞርሁና ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ «ስላሳደግሽኝ እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ። ይህን ቃል ብዬላት አላውቅም ነበር። ከእሷ በቀር ማንም እንደማይሰማው እርግጠኛ ነበርሁ።

እትየ አንጓች ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«አሜን!» አለች፤ በዚያ ዳርቻ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ። «ታዲያ ላላሳድግህ ነበር እንዴ! ደግሞ እንዳታለቅስ፣ ሰው ያይሃል!»

የጀልባዋን ገመድ የሚያስረው ሰውዬ ቀና ብሎ «ማነው የሚያለቅሰው?» አለ።

«ማንም» አልሁ።