የድሮ ጉዳዮች ሚኒስትር በአዲሱ ባር

በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የሰፈር መጠጥ ቤት አንድ የድሮ ጉዳዮች ሚኒስትር አለው። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። ደመወዝ የለውም፣ ጡረታም አይወጣም። ሥራው አንድ ነው፤ ከባንኮኒው ጫፍ ተቀምጦ ትናንት ከዛሬ እንደሚሻል በየቀኑ ማወጅ። እናንተም ሰፈር አለ። «እኛ ጋ የለም» የሚል ሰው ካለ ሚኒስትሩ እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የእኛው ሚኒስትር ክቡር ኖርበርት ኩዝማ ይባላሉ። አድራሻቸው አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ፣ ደቡብ ሰፈር፣ ፒዮንቴክ ባር፣ በስተግራ የመጨረሻው ወንበር። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ጆሯቸው ትልቅ፣ ንግግራቸው አጭር፦ «ድሮ ቀረ!» ይህን የማይሉት ሲተኙ ብቻ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ብጽፍ፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ኧረ በእንቅልፉም ይላል» ብለው አርመውኛል።

የቤቱ ባለቤት ኢርቪን ፒዮንቴክ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የመጸዳጃ ቤቱን በር ከቡኒ ወደ አረንጓዴ የቀየረ ጊዜ ክቡርነታቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ እየተሻገሩ ነዳጅ ማደያው ጋ ይሄዱ ነበር። በዚያ በረዶ! ትልቁ ቴሌቪዥን የገባ ጊዜ ደግሞ ዓመት ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተቀመጡ። ጨዋታው ሲሞቅ ግን «ስንት ለስንት ነው?» ይላሉ። «ዞር ብለው አይዩም እንዴ?» ስንላቸው «እኔ በትንሹ ነው የለመድኩት» ይላሉ። ዓርብ ዓርብ ከምንበላው ዓሣ አጠገብ የሚቀርበው የድንች ቂጣ ትንሽ የሳሳ ዕለትማ፣ ቂጣውን ወደ መብራቱ አንስተው በውስጡ ኢርቪንን እያዩ «እንደምን አመሸህ?» አሉት። በሚቀጥለው ዓርብ ቂጣው ወፍሮ መጣ።

እኔ ደግሞ የሰፈራችን ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ፣ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ቀንና ዓመተ ምሕረት ሥራዬ ነው። እሳቸው ፊት ግን አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም። አንድ ጊዜ ትልቁ በረዶ የጣለው በየትኛው ዓመት ነው በሚል ተጨቃጭቀን የዚያን ቀን ጋዜጣ ከማኅደር አውጥቼ አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። በሥርዓት አጠፉት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና «ጋዜጣው ተሳስቷል» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኒህን ሰውዬ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ በሰው ፊት ሲሳሳቱ ሳልይዛቸው አልሞትም ብዬ የማልኩት ያኔ ነው።

ኢርቪን አምና ሞተ። ልጁ ጄኔል ሃያ ዓመት ከኖረችበት ከአሪዞና ተመልሳ ቤቱን ተረከበችና ለአሥር ሳምንት ዘጋችው። አሥር ሳምንት! ሚኒስትሩ በየቀኑ መስኮቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ቀዳዳ አጮልቀው እያዩ ሪፖርት ያመጡልን ነበር። «ግድግዳውን ልጠውታል።» «ጣሪያውን ጥቁር ቀብተውታል፣ ለቅሶ ቤት አስመስለውታል።» «ወንበሮቹ እግራቸው እንደ ፌንጣ ቀጥኗል።» በመጨረሻም አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ እሁድ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ብራንች። ክቡርነታቸው ይህን ቃል ሦስት ጊዜ አነበቡትና ሪፖርት ሳያመጡልን ቤታቸው ገቡ። ይህ አስፈራኝ።

ሐሙስ ዕለት ጄኔል ቤቴ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ሎሬታ፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ቤቱን የጥርስ ክሊኒክ ላድርገው የሚል ሰውዬ አለ። ሰኞ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ።»

«ምን አስቸኮለሽ? ገና ሳትከፍቺ!»

«ወጣቶቹ ይመጣሉ፣ አውቃለሁ። ፎቶ ያነሱና በወሩ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ይህን ቤት አቁመው የያዙት አሮጌዎቹ ናቸው። እሁድ እነሱ ካልተቀመጡልኝ የማን ቤት ነው ብዬ ነው የምይዘው? ቁልፉን ሰጥቼው እመለሳለሁ።»

«ይቀመጣሉ፣ አይዞሽ።»

«ጋሽ ኖርበርት ካልተቀመጡ ማን ይቀመጣል?»

እውነቷን ነው። ሻይ ቀዳሁላት።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለታችን ባንኮኒው ላይ ተደርድረናል፤ ሁላችንም ኮታችንን እንደለበስን። በእኛ ከተማ ክረምት ኮት ማውለቅ ማለት ቆይቻለሁ ማለት ነው፣ ሚኒስትሩ ደግሞ አላወለቁም። እሳቸው ሳያወልቁ ማን ደፍሮ ያወልቃል? ጄኔል አዲስ ማሞቂያ አስገብታለች፤ ቤቱ እሳት ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠው ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ክላረንስ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ሎሬታ፣ ልሞት ነው። ዚፑን ብቻ ልክፈተው?»

«ቆይ! እጅህን እንዳታነሳ!»

መስኮቱ ጋ ያሉት አዲሶቹ ወጣቶች አቮካዶ የተቀባ ዳቧቸውን እየበሉ በስርቆት ያዩናል። ብይን እንደሚጠብቅ ተከሳሽ ቤተሰብ ነበርን።

ክቡርነታቸው ምርመራቸውን ጀመሩ። የተላጠውን ጡብ በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ልስኑ ገና ነው እንዴ?» አሉ። ቀና ብለው አምፖሎቹን አዩ። «መሸፈኛ መግዣ አጥታ ነው?» ከዚያ ባንኮኒው ላይ በተለጠፈው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ላይ መነጽራቸውን አድርገው አቀረቀሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የምግብ ዝርዝሩ ነው» አለ ክላረንስ። «በስልክህ ካሜራ ስታየው ይነበባል።»

ሚኒስትሩ ተጣጣፊ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አዩት። መልሰው ከተቱት። እኔ ልስቅ ነበር፣ ግን ባንኮኒው ማዶ የቆመችው ጄኔል ጨርቁን በሁለት እጇ ጨምድዳ ስትይዝ አየሁና ሳቄ ጠፋ።

እንደ ምንም ጠጋ አለች። «ጋሽ ኖርበርት፣ እንኳን ደህና መጡ። ምን ላምጣልዎት?»

ወይ ልጄ! ለዚያ ሰውዬ እኮ በዚያ ወንበር ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ያቀረበላቸው ሰው የለም። ገና በሩን ሲከፍቱ ነው መጠጣቸው የሚቀዳው። የባንኮኒውን ጠርዝ ያዙ። ሳያቸው ደነገጥኩ፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ሰውዬው ግን ፈርተዋል። በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነዋል።

«ይሄ ብራንች የምትሉት» አሉ በመጨረሻ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቁርስ ነው ምሳ? ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ሁለቱንም ነው፣ ጋሼ።»

«ሁለቱንም የሆነ ነገር አንዱንም አይሆንም።»

ክላረንስ አላስቻለውም። «እሁድ ጠዋት አይደለም እንዴ? ቀዩን ስጪው እንጂ ምን ትጠይቂዋለሽ!»

የጄኔል ፊት በራ። ቀዩን ማን አያውቅም? ቮድካ፣ የቲማቲም ጭማቂ፣ የሚያቃጥል ቅመም፤ ከላይ በእንጨት የተሰካ ኪያር፣ አይብና ቋሊማ። ቀላቀለችው። እንደ አባቷ ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረገችው። ቋሊማውንም አልረሳችም። ሚኒስትሩ ፊት አስቀመጠችውና ወደ ኋላ አለች።

ሁሉም አንገቱን አስግጎ ብርጭቆውን አየ። መስኮቱ ጋ ያሉት ወጣቶች ሳይቀሩ ሹካቸውን አቆሙ፤ እነሱም የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው።

ከቀዩ ጎን ቢራ የለም።

በሌላ አገር ቀዩን ብቻውን ይጠጡት ይሆናል፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ሚልዋኪ ውስጥ ግን ቀዩ ሲቀርብ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ቢራ አብራ ትቀርባለች። አትታዘዝም፣ አትጠየቅም፣ ትመጣለች። ኢርቪን ይህን ቤት የከፈተ ዕለት መጀመሪያ የቀዳው ይህንኑ ሲሆን፣ «ቀዩ ያለ ቢራ ከዚህ ባንኮኒ ላይ ከታየ ቤቱን ዝጉት» ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል። ያን ዕለት እኔም ነበርኩ፤ ከእኔ ይልቅ የሚያወሩት ግን ክቡርነታቸው ናቸው። በየእሁዱ ይተርኩታል፤ የከተማው ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

ጄኔል ብርጭቆውን አየች፣ ጎኑን አየች፣ ገባት። «ዲዛይነሩ...» አለች። «ለአንድ ሰው አንድ ብርጭቆ፣ ባንኮኒው መተንፈስ አለበት ብሎኝ... ትንንሾቹን ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ...» አልጨረሰችውም።

«ቢራውስ?» አለ ክላረንስ ጮክ ብሎ። ያንን ልክፈተው እያለ ሲለምን የነበረውን ዚፕ እስከ አንገቱ ዘጋው።

ሚኒስትሩ ተነሡ።

አሥራ አንድ ወንበር ወለሉን ፋቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ግማሽ ተነሥቼ ነበር። አለቀልን አልኩ በሆዴ። ከነገ ወዲያ እዚህ ወንበር ላይ ጥርሴን ነው የምነቀለው።

እሳቸው ግን አልተራመዱም። ጄኔልን አዩዋት። አላለቀሰችም፤ አገጯ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ያንን ለማስቆም ጥርሷን ነክሳለች። ብርጭቆውን አዩ። እንደገና እሷን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ምን ያስጮህሃል አንተ ክላረንስ?»

«አልጮህኩም። ቢራው የታለ ነው ያልኩት።»

«ኢርቪን መጀመሪያ እንዲህ ነበር የሚያቀርበው። ብቻውን። ቢራው ኋላ የመጣ ፈሊጥ ነው።» ብርጭቆውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ድሮ እንዲህ ነበር።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ሰውዬው ዋሹ! በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በድሮ ላይ ዋሹ! ለአንዲት የድንች ቂጣ ውፍረት የተሟገቱ ሰው!

«ኖርበርት!» አለ ክላረንስ ዓይኑ ፈጦ። «አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ በየእሁዱ...»

«እኔ ምን?»

ክላረንስ ትንሽ አፈገፈገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሎሬታ፣ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። በተከፈተ ቀን እዚህ ነበርሽ። ይህ ሰው የሚለው እውነት ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አሥር ኮት የለበሱ ምስክሮች፣ ከነክላረንስ፣ ከነወጣቶቹ። ሠላሳ ዓመት የለመንኩት ቀን በእጄ ገባ፤ አንድ «ውሸት ነው» ብቻ ነው የቀረኝ። ክቡርነታቸው አላዩኝም። ዓይናቸውን ከቋሊማው ላይ አላነሱም፣ ትልልቅ ጆሯቸው ግን ቲማቲም መስሏል። ጄኔል ደግሞ እኔን እኔን ታያለች።

ይህን ግትር ሽማግሌ ለካ እወደው ኖሯል። ወይ አለመታደል!

«እውነት ነው» አልኩ። «እኔም አስታውሳለሁ። ያኔ ከጎኑ ምንም አልነበረም። ቢራው የመጣው በሰማንያ አንድ ነው።»

ክላረንስ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ጄኔልን አየ። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል፤ ማን ያለ ቲኬት እንደተሳፈረ ያውቃል፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበትም ያውቃል። ዚፑን እስከ ታች አወረደው። «እህ» አለ፣ «ድሮ እንዲህ ከነበረማ ለእኔም አንድ አምጪ።» ኮቱን ወንበሩ ጀርባ ላይ ጣለ። ከዚያማ ኮት በኮት ላይ ሆነ፤ አንዱ እንቁላል ይላል፣ አንዱ ዳቦ ይላል፣ አንዲቱ ደግሞ ነጠብጣቡን እንዴት ነው የማነበው እያለች ወጣቶቹን ጠራች። ጄኔል ወደ ወጥ ቤት ስታልፍ ትከሻዬን ጨበጥ አድርጋ «የክሊኒኩ ሰውዬ ሌላ ሰፈር ይፈልግ» አለችኝና ፊቷን ሳታሳየኝ ገባች።

ክቡርነታቸው መጨረሻ ላይ አወለቁ። አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ያለ ቢራ እንደማይወርድላቸው ከጉሮሯቸው ያስታውቃል፣ ዋጡት ግን። ሁለተኛም ተጎነጩ። ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ምስጋና ነው አልኩ፤ በሠላሳ ዓመት አንድ ቢደርሰኝ አይበዛብኝም።

«ሎሬታ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«በሰማንያ ሁለት ነው እንጂ በሰማንያ አንድ አይደለም። ስትጽፊው እንዳትሳሳቺ።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁና ሰማንያ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።