የጋሽ መልከጸዴቅ ንጉሥ

አምስት አበሾች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንደኛው ሁሉን አዋቂ ነው፤ የቀሩት አራቱ ሰዓታቸውን ያያሉ። ይህ በአዲስ አበባም በዱባይም የጸና ሕግ ነው፤ ሲያትል ላይም አልተሻረም። እዚያ በኦቴሎና በቢከን ሂል ሰፈሮች መረዳጃ ማኅበር ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ መልከጸዴቅ ነበሩ። ማንም አልመረጣቸውም፤ ማንም ሊያወርዳቸው አልቻለም። ባለቤታቸው ውባንቺ ግን ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስለኖረች «እሱ» ነው የምትላቸው። ይህ ታሪክ ከእሷ ጋር የሚሄድ ስለሆነ እኛም እሱ እንበለው።

መልከጸዴቅ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር ነው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት ሲመላለስ፣ ከየሀገሩ ሰው አንድ አንድ ነገር ሲቃርም፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ የማያውቀው ነገር ጠፋ። ጉልበቱን ያመመው የማኅበሩ አባል ሐኪም ከማየቱ በፊት መልከጸዴቅን ያያል፤ ፈልጎት ሳይሆን ማምለጥ ስለማይችል። ግሪን ካርድ ለዘገየበት፣ ማርሽ ለተበላሸበት፣ ልጁን ሒሳብ ለከበደበት ሁሉ መልስ አለው። መልሱ «እሱማ ቀላል ነው» ብሎ ይጀምርና አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ተሳፋሪ ወፍራም መጽሐፍ ሻትሉ ውስጥ ረስቶ ወረደ። ሽፋኑ ላይ ተራራ የሚያህል የድንጋይ ቤተ መቅደስ አለ። መልከጸዴቅ መጽሐፉን የጠፋ ዕቃ ለሚሰበስቡት አስረከበ፤ ሦስት ወር ጠበቀ፤ ባለቤቱ ሲቀር ቤት ይዞት መጣ። ከሺህ ዓመት በፊት በደቡብ ህንድ ስለነገሠው ስለ ታሚሎቹ ንጉሠ ነገሥት፣ ስለ ራጃራጃ ቾላ የተጻፈ ነበር። ውባንቺ ያን ቀን ታስታውሰዋለች፤ እራቱ ቀርቦ ቀዘቀዘ።

«ሰማሽ? ሕዝቡ ንገሥልን ብሎ ሲለምነው፣ አጎቴ ዙፋኑን ይፈልገዋል ብሎ ተወለት። ዓመታት ጠበቀ!»

«እኔም ጎመኑን እስክትበላ እየጠበቅሁ ነው።»

ከዚያ ቀን በፊት ባሏ ሁሉን ነገር ያውቅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር አወቀ። ይህ ከፊተኛው የባሰ ይሆናል ብሎ ያስጠነቀቃት ሰው አልነበረም።

አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ኤስካሌተር ተበላሽቶ ሲጠገን ቢያይ፣ አጠገቡ ቆሞ ለጠጋኙ ንጉሡ ስላሠራው ስለ ታንጃቩር ቤተ መቅደስ ነገረው። ሰማንያ ቶን ይመዝናል የሚባል ድንጋይ፣ ስድሳ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያለ ክሬን! ጠጋኙ ተንበርክኮ እንዳለ «ኦኬ» አለው። ልጃቸው ሃሴት ደግሞ ገና «ራ» ሲል «ዳድ፣ ፕሊዝ፣ ኖት አጌን» ብላ ጆሮዋ ላይ የምትሰካውን ትሰካለች።

አንድ እሑድ ሰው በተሰበሰበበት አንዱ «እኛም እኮ ላሊበላ አለን» ቢለው፣ «ላሊበላማ ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው የመጣው» አለ። ነገሩ እውነት ነው። ሆኖም ግማሹ ማኅበር ለአንድ ወር ሰላምታ ከለከለው፤ ውባንቺም ያለ ጥፋቷ አብራ ተቀጣች።

ለቅሶ ቤት እንኳ አልማረም። አቶ ዘካሪያስ ወንድሙ ሞቶበት፣ ሦስት ቀን እህል አልቀምስ ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ መልከጸዴቅ አጠገቡ ሄዶ ጀመረለት። ውባንቺ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ዘካሪያስ ቀና ብሎ «ለመሆኑ ንጉሡ በምን ሞተ?» አለው።

«በምን እንደሞተ አላገኘሁም። ልጁን ራጄንድራን ከጎኑ አንግሦ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ያረፈው።»

ዘካሪያስ ብዙ አሰበ። «ተዘጋጅቶ ነዋ የሄደው» አለና ከቀረበለት ምግብ አንድ ጊዜ ጎረሰ። ውባንቺ ይህን አይታለች። ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም፤ እንደ ማበረታቻ እንዳይቆጥረው ፈርታ ነው።

በመጨረሻም የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ወልደ ሥላሴ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ አስጨመረ፤ «በስብሰባ ላይ ከአጀንዳ ውጭ ስለ ነገሥታት መናገር የተከለከለ ነው» ይላል። በአንድ ሰው ተቃውሞ ብቻ አለፈ። ከጀርባው «ጋሽ ራጃ» የሚል ስም ወጣለት። ደርሶበታል፤ ቅር ሊለው ሲገባ ደስ አለው።

ሰውየው እንግዲህ ይህ ነው። ወደ ነገሩ እንምጣ።

ማኅበሩ ኦቴሎ ውስጥ ምንጣፍ ይሸጥበት የነበረ አንድ ቤት ገዝቶ አዳራሽ አደረገው። ይህ አዳራሽ የተሠራው በወጥ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ሴቶቹ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ፣ በየስፖርት ውድድሩ፣ በየሠርጉ እየሠሩ ሸጠዋል። የጾሙን ውባንቺ፣ የሙስሊሞቹን ቢልቂስ፣ የተረፈውን ሁሉ ወርቅዬ ይዘው፣ ከሥራ የወጡበትን ዩኒፎርም ሳይቀይሩ ምድጃ ላይ ሲቆሙ ኖረዋል። ድስት እንዳይለዋወጥባቸው በየድስቱ ቂጥ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ስማቸውን ይጽፋሉ።

ምረቃው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የነሐስ ሰሌዳ መጣ። ሦስቱ ሴቶች አዲሱን ኩሽና ሊያጸዱ ሲገቡ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አገኙት። «ይህን አዳራሽ ያቆሙ» ይልና የዘጠኝ ሰዎች ስም ይዘረዝራል። ዘጠኙም የቦርድ አባላት፣ ዘጠኙም ወንዶች ናቸው። ከዘጠኙ ሁለቱ ወንበር እንኳ አንስተው አያውቁም።

«የኛ ስም የታለ?» አለች ቢልቂስ።

«ድስቱ ቂጥ ላይ» አለች ወርቅዬ።

ሳቁ። ውባንቺም ሳቀች። ቤቷ ስትደርስ ግን ሳቁ የት እንደገባ አላወቀችም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። መልከጸዴቅ መጽሐፉን ከፍቶ፣ ስለዚያ ስለ ሰማንያ ቶኑ ድንጋይ ጀመረ፤ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም የአፈር ተዳፋት ሠርተው፣ በዝሆን እየጎተቱ ነው የሚሉ አሉ…

«መልኬ» አለችው። «እነዚያን ሰዎች ማን አበላቸው?»

«እ?»

«ድንጋይ የጎተቱትን። ያን ሁሉ ዓመት። ማን አበላቸው? ንጉሥህ ነው ወጥ የሠራው?»

መልከጸዴቅ አፉን ከፈተ። «እሱማ…» አለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ሃሴት ጆሮዋ ላይ ያለውን ነቅላ «ማም፣ ዋት ሀፕንድ?» አለች፤ ዝምታው እሷ ጋ ደርሶ ነበር። ውባንቺ ስለ ሰሌዳው ነገረቻቸው። በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሰችና ተነሥታ ተኛች።

በማግሥቱ መልከጸዴቅ ከሥራ እንደወጣ ላይብረሪ ገባ። በሁለተኛውም ቀን ገባ። በሦስተኛው ቀን ደብተር ገዝቶ የሰው በር ማንኳኳት ጀመረ። የማኅበሩ ሴቶች በመስኮት ሲያዩት መብራት ያጠፉ ነበር፤ ወርቅዬ ከነልጆቿ ወለል ላይ ተኝታ እስኪሄድ እንደጠበቀች በኋላ ራሷ ተናግራለች። አልሄደም። ከበሩ በሌላ በኩል ሆኖ «ስለ ንጉሥ አልመጣሁም። ሙሉ ስምሽን ከነአባትሽ ንገሪኝና እሄዳለሁ» አላት። እውነትም ነገረችውና ሄደ። ይህ ወሬ ለውባንቺ ሲደርሳት ታሟል ብላ ሠጋች።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለችው።

«ገና አላለቀም» አላት። ከሃያ ስድስት ዓመት ትዳር አጭሩ መልሱ ይህ ነው።

የምረቃው ቅዳሜ ሁለት መቶ ሰው መጣ። ኩሽናውና አዳራሹ የሚገናኙት ምግብ በሚቀርብበት ሰፊ መስኮት ነው፤ ወደ ታች የሚጎተት የብረት መዝጊያ አለው። ውባንቺ በዚያ በኩል ታያለች። አቶ ወልደ ሥላሴ ረጅም ንግግር አድርጎ፣ የዘጠኙን ስም አንብቦ ሲጨርስ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ መልከጸዴቅ እጁን አወጣ። አዳራሹ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። ሃሴት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ጋሽ መልከጸዴቅ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «የነገሥታት ነገር በደንቡ መሠረት…»

«ተከልክሏል። አውቃለሁ፤ ደንቡን ያወጣችሁት ለኔ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ ስጡኝና ቅጡኝ።» ማይክሮፎኑን ተቀበለ። ደብተሩን ከብብቱ አወጣ፤ ውባንቺ ከሩቅ አየችው። ይህ ሰው ከጽሑፍ ተናግሮ አያውቅም።

«ያ ንጉሥ ቤተ መቅደሱን ሲጨርስ እንዲህ ብሎ አዘዘ። እኛ የሰጠነውን፣ ታላቅ እኅታችን የሰጠችውን፣ ሚስቶቻችን የሰጡትን፣ ሌሎችም የሰጡትን ድንጋዩ ላይ ቅረጹ። ቀረጹ። ልብስ ሰፊውን፣ ፀጉር ቆራጩን ሳይቀር። እዚያ የሚያገለግሉ አራት መቶ ሴቶችን በስማቸው፣ በየትኛው መንገድ በስንተኛው ቤት እንደሚኖሩ ጭምር ቀረጹ። ሺህ ዓመት ሆኖት ዛሬም ይነበባል።» ማይክሮፎኑን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ሚስቴ ድንጋይ ጎታቾቹን ማን አበላቸው ብላ ጠየቀችኝ። ፈለግሁ። አላገኘሁም። አላውቅም።»

አላውቅም የሚለው ቃል በዚያ አዳራሽ፣ ከዚያ አፍ፣ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ዘካሪያስ ከወንበሩ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«የኛዎቹን ግን አውቃለሁ» አለና ደብተሩን ገለጠ። «ወርቅዬ ደገፋ፣ ኦቴሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቢልቂስ አብዱረህማን፣ ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ ጎዳና ላይ፣ ሰማያዊው በር። አገሬ ሽብሩ…»

ሴቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን እየጠረጉ ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ቢልቂስ ስሟ ከነአባቷ ሲጠራ «አባቴን ጠራው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ዘጠኝ ዓመት የሙሉዓለም እናት ተብላ ስትጠራ የኖረችው አገሬ ደግሞ «አቤት» አለች፣ ከጥሪው እኩል፣ እንደ ተማሪ። ማንም አልሳቀም። ሠላሳ ስም አነበበ።

«የመጨረሻዋ ውባንቺ አያሌው። ቢከን ሂል፣ ዐሥራ ሰባተኛ አቬኑ…» ደብተሩን ገለበጠ። ጣሪያውን አየ። ከሺህ ዓመት በፊት የሞቱ ሴቶችን የቤት ቁጥር የሚያውቀው ሰው ወደ ኩሽናው ዞረ። «ውባንቺ፣ የቤታችን ቁጥር ስንት ነበር?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደብዳቤውን ሁሉ የምትቀበለው፣ ፎርሙን ሁሉ የምትሞላው እሷ መሆኗን ማን ያውቃል? ውባንቺ ከመስኮቱ ራሷን አውጥታ ሃያ ስምንት አርባ አንድ ብላ ጮኸች። እንዲህ ጮኻ አታውቅም። እሱም ጎንበስ ብሎ ጻፈው።

አቶ ወልደ ሥላሴ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥርዓት ይወዳል። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ሰሌዳው ግን አልቋል፤ ቦታም የለውም። ሶ፣ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ ይያዝ። አሁን ወደ ምሳ…»

ውባንቺ ዘወር ብላ ቢልቂስን አየቻት። ቢልቂስ ወርቅዬን አየቻት። ውባንቺ እጇን ሰቅላ የብረቱን መዝጊያ እስከ ታች ጎተተችው። ድምፁ ዶሮ ወጥ ሽቶት ለቆመ ሁለት መቶ ሰው መብረቅ ነበር። ከመዝጊያው ጀርባ ሆነው ሴቶቹ ምንም አላሉም፤ ማንም ግን ነገሩ አልገባኝም አላለም።

ከወዲያ ማዶ የዘካሪያስ ድምፅ መጣ። «ግድግዳው ሰፊ ነው! ሁለተኛ ሰሌዳ ይሠራ፣ እጅ ይውጣ!» ድምፅ አሰጣጡ ከአንድ ደቂቃ በታች ፈጀ፤ በማኅበሩ ታሪክ እንዲህ የፈጠነ ጉዳይ የለም። ከቦርዱ ዘጠኝ ሰዎች ስምንቱ እጃቸውን አወጡ። ዘጠነኛው ወንበር ሊያመጣ ሄዶ ነበር አሉ።

ማምሻውን ድስቱን ጭነው ሲመለሱ ሃሴት ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። መልከጸዴቅ እየነዳ ነው፤ ዝም ብሏል። ሰው ሁሉ እጁን ጨብጦታል፤ ሦስት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ስለዚያ ንጉሥ ጠይቀውታል፤ ምን እንደሚደረግ ጠፍቶበታል። ውባንቺ ጎን ለጎን ተቀምጣ ዝምታውን አዳመጠችው። ስትመኘው የኖረችው ነገር ነበር። ሁለት መብራት እስኪያልፉ ታገሠችው።

«መልኬ።»

«እ።»

«ያ ልጁ፣ ራጄንድራ ያልከው። ከነገሠ በኋላ ምን ሆነ?»

ቀና ብሎ አያት፣ የምትቀልድ እንደሆነ ሊያይ። አልቀለደችም። «እሱማ…» አለና ቆመ። «ረጅም ነው፣ ውባንቺ።»

ቤታቸው ሰባት ደቂቃ ነው የቀረው።

«በሐይቁ በኩል ዙር» አለችው።