የባሻ ስኳር ሲመለስ

በሽታ ሲመጣ ክፉ ነው፤ ሄዶ ሲመለስ ግን ይብሳል። ለምን ቢሉ፣ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሰው ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» ይላል። ተመልሶ የመጣ ዕለት ግን «ምን አድርገሽ ነው?» ይላል። በሽተኛው ድመት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ይመጣል፤ ድመትን ማን ይጠይቃል?

ድመቴ ባሻ ይባላል። ልጄ የውትድርና አገልግሎቱን ጨርሶ ሲመለስ ከመንገድ አንስቶ ያመጣው ነው። ያኔ የዕብራይስጥ ስም ነበረው። እኔ ግን ጢሙንና አረማመዱን ባየሁ ጊዜ፣ ይህ ፍጡር ያለ ማዕረግ መጠራት የለበትም ብዬ ባሻ አልኩት። ከዚያ ልጄ ሥራ አግኝቶ ወደ ሰሜን ሄደ። ድመቱን «ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ኢማ» ብሎ ለእኔ ለእናቱ ተወልኝ። ያ ጥቂት ጊዜ ድመቱን አስረጀው፤ እኔንም አልማረኝም።

ጎንደር እያለን ድመት ሠራተኛ ነበረች። አይጥ ትይዛለች፣ ደሞዟንም እዚያው ትበላለች። ሐኪም ቤት የወሰዳት ሰው ቢኖር ኖሮ መንደሩ መጀመሪያ የሚያስመረምረው ሰውየውን ነበር። እዚህ እስራኤል አገር፣ አሽኬሎን ግን እኔው ራሴ፣ አንድ ዓይኔ በሞራ ተጋርዶ ሐኪም ለማየት ተራ ስጠብቅ የከረምኩት ሴትዮ፣ ባሻን በሣጥን ይዤ ከሰፈሬ ከራማት ኤሽኮል ሐኪም ቤቱ እስካለበት እስከ አፍሪዳር በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። እሱ ወዲያው ይታያል። ቅናት እንዳይመስልብኝ ዝም እላለሁ።

የመጀመሪያ ጊዜ «ሱኬሬት ነው» ያለችኝ የእንስሳት ሐኪሟ ናት። እኛ ስኳር የምንለው። ወላጆቿ የኛው ሰዎች ናቸው፤ እሷ እዚሁ ስለተወለደች ዐማርኛዋ በጥሩ ሁኔታ ይነሣና ግማሽ መንገድ ላይ ዕብራይስጥ ይሆናል። ጧትና ማታ ኢንሱሊን ወጋሁት፣ ያዘዘችውን ሥጋ ብቻ አበላሁት፣ እሱም ቀስ በቀስ ዳነና መርፌው ቀረ። ሐኪሟ ግን ስታሰናብተኝ «እማማ ወርቄ፣ ስኳሩ ተኛ እንጂ አልሞተም» ብላኝ ነበር።

የተኛው ነቃ። ባሻ ውኃ መጠጣት ጀመረ። ጎድጓዳ ሳህኑን ይጨርስና ልብስ ወደዘፈዘፍኩበት ባልዲ ይሄዳል። የሚሸናበት አሸዋ እርጥብ ሲሚንቶ ሆነ። ይበላል፣ ይበላል፣ ግን ጀርባውን ስዳብሰው አጥንቱ እጄን ይቆረቁረኛል። የኋላ እግሮቹም እንደ ድሮው በጣቱ መቆም ትተው በተረከዙ ይረግጡ ጀመር። ያ ሁሉ አረማመድ! ባሻን ባሻ ያሰኘው አረማመድ! እውነቱን ልናገር፣ ሳየው አለቀስኩ።

ሐኪሟ ደሙን፣ ሽንቱን፣ ጥርሱን መረመረች። ስኳሩ ተመልሷል። ኢንሱሊን እንደገና አዘዘችና የማውቀውን ደግማ ነገረችኝ፤ መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ውጊው፤ ካልበላ አትውጊው፣ ደውይልኝ፤ ከተንገዳገደ ድዱን ማር ቀቢውና ይዘሽው ነይ። ከዚያ ምን እንደሚበላ ጠየቀችኝ። አንቺ ካዘዝሽው በቀር እህል የሚባል አይቀምስም አልኳት። ሌላ ቤት ይሄድ እንደሆነም ጠየቀች። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ባሻ? ቀን ቀን በደረጃው ላይ ይንሸራሸራል እንጂ ሰው ቤት ገብቶ የሚለምን ድመት አይደለም ብዬ ተከራከርኩ። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ያኔ ትዝ ቢለኝ ምን ነበረበት!

ወጋሁት። ስኳሩ አልወርድ አለ። ሐኪሟም መድኃኒቱን ከመጨመሯ በፊት በስልክ «የሆነ ነገር በአፉ እየገባ ነው፣ እማማ፤ ፈልጊው» አለችኝ።

አልፈለግኩትም፤ ራሱ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ጮኸና ሕንጻው ሁሉ ወደ ሚክላቱ ወረደ፤ ምድር ቤት ያለው መጠለያችን ነው። እኔ «ባሻ! ባሻ!» እያልኩ ደረጃው ላይ ስጣራ፣ ከበላዬ የምትኖረው የሻረግ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስትወርድ አየኋት። በክንዷ ላይ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ የኔ ባሻ! ጢሙ ላይ ነጭ ነገር ተንጠባጥቧል። ሚክላት ገብተን በሩ ሲዘጋ ምንድን ነው እሱ አልኳት። ምንም አይደል አለች፤ በወተት የራሰ ትንሽ ዳቦ። ትንሽ ስኳርም ነስንሳበታለች፤ እንዲጣፍጠው።

እላይ ሳይረን ይጮኻል፤ እታች እኔ እጮኻለሁ። ልትገድይብኝ ነው ወይ አልኳት። የምትይው አልገባኝም፣ እንስሳው በረሃብ ከስቶ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ እኔ ላይ ነው የምትጮኺው አለችኝ። እኔን! ድመት የምታስርብ! ጎረቤቱ ሁሉ ሮኬቱን ትቶ እኛን ያዳምጥ ጀመር። ባሻ መሃላችን ቁጭ ብሎ ጢሙን ይልስ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ በሬን ዘጋሁ። ለሐኪሟም የዳቦውን ጉዳይ ስነግራት መጠኑን አስተካከለችልኝ። ባሻ ግን በሩ ሥር ተቀምጦ ያለቅሳል። ከደረጃው ላይ ደግሞ የየሻረግ እግር ቆም ሲል እሰማለሁ። ትቆማለች፣ ትሰማዋለች፣ ትሄዳለች። በመጨረሻ አንኳኳች። ከፈትኩላት እንጂ ግቢ አላልኳትም። ቆማ ነገረችኝ።

«አላወቅኩም፣ ወርቄ። በሽተኛ መሆኑን ብትነግሪኝ ኖሮ እጄ ይቆረጥ እንጂ አላበላውም ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ‹ብላ› የምለው ሰው አጣሁ። ልጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፤ በስልክ ደግሞ ማንን ታጎርሻለሽ? እሱ ሲመጣ… ‹ብላ› አልኩት። በላልኝ።»

ይቅር ለማለት ዳር ዳር ስል ግን ኩራቴ ቀደመኝና በሩን በቀስታ ዘጋሁት። በኃይል አለመዝጋቴን እንደ ደግነት ቆጠርኩት።

እግዜር ግን ኩሩን ማሳፈር ያውቅበታል። የዓይኔ ተራ ደረሰ። ሞራው ተገፈፈ፣ ዓይኔ ታሸገ፤ የቀረው ዓይኔ ደግሞ የመርፌውን ቀጫጭን መስመር ከጉንዳን ሰልፍ አይለይም። ትንሽ ቢበዛ ድመቱ ይሞታል። ልጄ ሰሜን ነው። እና ማን ቀረ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት። ግድግዳውን እየዳበስኩ ወጥቼ የየሻረግን በር አንኳኳሁ። እሷ ግቢ አለችኝ። ከእኔ የተሻለች ሰው ናት።

መርፌ ትፈራለች። የመጀመሪያ ቀን ቆዳውን ከትከሻው ላይ ሰብሰብ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ወጋች። መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ይግባ ፀጉሩ ላይ ይፍሰስ አላወቅንም፤ ፀጉሩ ረጥቧል። ልድገመው አለች። ተይ ብዬ ሐኪሟ ዘንድ ደወልኩ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትድገሙ፣ የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቁ አለችን። ከዚያ ወዲያ የሻረግ ዓይኗን ገልጣ መውጋት ለመደች። ጧት ጧት ገና ደረጃው ላይ ሳለች «የኔ ጌታ፣ በልተሃል ወይ?» ትላለች። ባሻ ሲበላ ከፊቱ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ትወጋዋለች። እኔ ዓይኔን ታሽጌ ድምፃቸውን አዳምጣለሁ።

ዓይኔ ተፈትቶ፣ ዓለም እንዲህ ብሩህ ነበረች ወይ እያልኩ የገዛ ቤቴን አቧራ በማየት ላይ ሳለሁ፣ አንድ ጧት የሻረግ «ወርቄ! ባሻ ሰከረ!» ብላ ጮኸች። ባሻ ከሶፋው ወርዶ ወደ ሳህኑ ሲሄድ ግድግዳ ገጨ። ተንገዳገደ፣ ወደቀ፣ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ማር! ጓዳዬን ገለበጥኩ፤ ጣፋጭ ነገር ሁሉ ከቤቴ እንዲጠፋ ያዘዝኩት እኔው ነኝ፤ ማሩም አብሮ ጠፍቷል። የሻረግ አልጠበቀችኝም። በነዚያ በሚያሟት ጉልበቶቿ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ ማር ይዛ ወረደች። ጣቷን ነክራ ድዱን ቀባችው፤ «ብላ፣ የኔ ጌታ፣ ብላ» እያለች ታለቅሳለች። ያቺ በጣፋጭ ልትገድይብኝ ነው ያልኳት ሴት! ምላሱ ተንቀሳቀሰ። ጣቷን ላሰ።

ታክሲ ይዘን አፍሪዳር በረርን። ሐኪሟ መርምራው ስትወጣ ፈገግ ብላ ነበር። የራሱ ሰውነት መሥራት ጀምሯል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ በዛበት አለችን። መጠኑን ቀነሰች፣ እያየች እንደገና ቀነሰች፣ በመጨረሻም መርፌው ቀረ። «ግን ተኛ እንጂ…» ስትል «አልሞተም!» አልናት ሁለታችንም። ዛሬ ባሻ በጣቱ ይራመዳል። ያ የድሮው ኩራት ሁሉ ተመልሷል፤ ትንሽ ጨምሮ።

የሻረግም ጧት ጧት መምጣቷን አልተወችም። ሰው ልማዱን በአንድ ቀን አይጥልም፤ የሷ ልማድ ደግሞ ማብላት ነው። ለሱ ከከለከልሺኝ ለማን ልጋግር አለችኝና ዳቦውን ለእኔ ታመጣልኝ ጀመር። ሻዩንም ራሷ ታጣፍጠዋለች። «ብዪ» ስትለኝ ደግሞ ፊቷን እያየ እምቢ የሚል ምን ዓይነት አረመኔ ነው? በላሁላት።

ሰሞኑን ለተለመደው ምርመራ ኩፓት ሖሊም፣ የሰፈራችን ክሊኒክ፣ ሄድኩ። ነርሷ ውጤቴን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ስኳርዎ ከፍ ብሏል አለችኝ። ስለ በሽታው ልታስረዳኝ ስትጀምር አውቃለሁ አልኳት፤ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚወጋ፣ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። ተገረመች። ማንን አስታመው ነው አለችኝ። ባሻን አልኳት።

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«አብሮኝ የሚኖር ነው።»

«አሁን እንዴት ናቸው?»

«ደህና ነው፤ ጎረቤት ቤት መብላት ከለከልኩትና ዳነ።»

ልጅቷ እጄን ያዘች። ከልቧ ነው የምትመክረኝ። «እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ የሚበሉትን ባሻ ይቆጣጠሩልዎ፤ እሳቸው አይተውታል» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቤት ገብቼ ሹመቱን ለባሻ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ። ወዲያው ደረጃው ላይ የትኩስ ዳቦ ሽታ መጣ፤ እኔ ገና ከወንበሬ ሳልነሣ ተቆጣጣሪዬ በር ላይ ቆሞ እየጮኸ ነበር።