ውሃው እዚህ አይደርስም ያልን ሦስት ሽማግሌዎች

አገራችን ውስጥ በሽማግሌ የማይሞከር ነገር ያለ አይመስለኝም። አኩርፋ የሄደች ሚስት በሽማግሌ ትመለሳለች፣ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች በሽማግሌ ይታረቃሉ፣ ልጄን አልሰጥም ብሎ በሩን የዘጋ አባት እንኳ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ደጁ ላይ ቆመው ሲያይ ልቡ ይራራል። ሽማግሌ ተብሎ የተጠራው ሰው ራሱስ (እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው) ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል ሲያደርግ ቁመቱ የጨመረ ይመስለዋል። ድምፁ ይወፍራል። ለሰላም ሲባል እውነትን ትንሽ ጠመም ማድረግም የተፈቀደለት ይመስለዋል። ሽማግሌ ሆናችሁ የምታውቁ የምለው ይገባችኋል፤ ያልሆናችሁም ዕድሜ ይስጣችሁና ትደርሱበታላችሁ።

እኔ ዲላ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወንዝ ሲሞላ የሚተኛበትን ለጥ ያለ መሬት በጠመኔ እየሳልኩ ስንቱን ተማሪ አሳልፌያለሁ። ቤቴን የሠራሁት ደግሞ ከለገዳራ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ እንዲሁ ለጥ ያለ መሬት ላይ ነው። አትሳቁ። ቦታው ርካሽ ነበር፤ ደሞዜም የመምህር ደሞዝ ነበር።

ጎረቤቴ ከድር ይባላል። ገበያው አጠገብ ምስማር፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ወላጆቹ ከጉራጌ መጥተው ዲላ የቀሩ ነጋዴዎች ናቸው። ቦታውን የገዛው እኛ ከሰፈርን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሸንኮራ አገዳ በቅሎበት ሳለ ነው። ቤቱን በአንዴ አልሠራውም፤ አንድ ዓመት መሠረት፣ ሌላ ዓመት ግድግዳ፣ በሦስተኛው ጣሪያ እያለ፣ ከሱቁ የተረፈችውን ሁሉ እዚያው እየከተተ ነው ያቆመው። ባለቤቱ ዘይነባ ሳሎኗ ሲሚንቶ የለበሰ ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ወለሉን ያስጎበኘችን ትዝ ይለኛል። አምና ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ አራት ክፍሎች ከጓሮ ሊጨምር ብሎኬትና አሸዋ አስመጣ። ብሎኬቱ ተደርድሮ ሳያልቅ ኢንጂነሯ መጣች።

ኢንጂነር ትዕግስት የወናጎ ልጅ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ የላካት የጎርፍ ቀጠና የሚባለውን እንድትለይ ነው፤ ይኸውም ወንዙ ሲሞላ ውሃው የሚደርስበትን ቦታ ሰማያዊ ቀለም በተቀባ ችካል መከለል ማለት ነው። ችካሉ ውስጥ የገባ ቤት አይፈርስም፤ አዲስ ግንባታ ግን አይፈቀድለትም። ከፍታውን በመሣሪያ ትለካለች። ለገዳራ በድሮ ጊዜ እስከ ምን ሞልቶ እንደነበር ግን የትም አልተመዘገበም፤ ስለዚህ በየሰፈሩ ነባር ሽማግሌዎችን ትጠይቃለች፣ ያሉትን ትጽፋለች፣ ታስፈርማለች።

እኛን ልትጠይቅ በመጣችበት ዋዜማ ከድር ቤቴ መጣ።

«መምህር፣ እኔ ኋላ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ የድሮውን አላየሁም። ውሃ ይመጣ ነበር የሚል ወሬ እሰማለሁ። የሚያውቁት እናንተ ናችሁ። ችካሉ ከቤቴ በላይ ከተተከለ ግን ያ ሁሉ ብሎኬት ቀረ ማለት ነው። እባክዎ፣ ከእነ ጋሽ ጅግሶ ጋር ሆናችሁ ተናገሩልኝ።»

ተናገሩልኝ ነው ያለው። ዋሹልኝ አላለም። መዋሸቱን የጨመርንበት እኛ ነን።

በማግስቱ ሦስት ሆነን ማልደን ሄድን። አቶ ጅግሶ ዕድሜውን ዱመርሶ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሠራ ጌዴኦ ነው፤ ስለ ውሃ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አቶ ተክሌ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበር፤ የስንቱን ምስክር ቃል መዝግቧል። ሦስታችንም ውሃው በመጣበት ዓመት እዚያው ሰፈር ነበርን። እኔ ቤት እስከ ጉልበት ገብቷል። የተክሌ ዶሮዎች ጣሪያ ላይ ውለዋል።

«አባቶቼ፣ ለገዳራ ሞልቶ እዚህ ደርሶ ያውቃል?» አለች ትዕግስት።

አቶ ጅግሶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ውሃው እዚያ ታች ጋ ነው የሚቆመው። ከዚያ ያለፈ አላየሁም እኔ።»

«በእኔ ዕድሜ አልደረሰም» አለ ተክሌ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔን ነግረዋታል መሰለኝ ረዘም አድርጋ አየችኝ። እኔም መሬቱ ወደ ማዶ ያዘነበለ ስለሆነ ውሃው ወደዚያ እንደሚያደላ አስረዳኋት። ማንም ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢመልስ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

«መስመሩ እኮ ውሃውን አያቆመውም» አለች መዝገቡን እያቀበለችን። «የሚደርስበትን ለሰው ለመንገር ብቻ ነው።»

ፈረምን። ችካሉ ከከድር ቤት በታች ተተከለ፤ የእኛም ቤቶች አብረው ነፃ ወጡ። ከድር ከአጠገባችን ቆሞ ቃላችንን ሲያዳምጥ ፊቱ ሲፈካ አየሁ። ዘይነባ ምሳ ጋበዘችን፤ ምርቃቱንም አወረድነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ጠራና አስረዳን። የእሳት ዋስትና ብቻ የገባ ሰው ቤቱን ጎርፍ ቢወስድበት ካሳ አያገኝም፤ የጎርፉ ለብቻው በተጨማሪ ውል ይገባል። ከችካሉ ውጪ ያለ ሰው መግባት ይችላል፣ በየዓመቱ የሚከፈለው ዓረቦንም ለእሱ ቀለል ይላል። ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ የሚመጣን ሰው አይቀበሉም። ቅጹ ላይ ውሸት የተገኘበትም ውሉ ይፈርስበታል። አዳራሹ ውስጥ ሰው ያዛጋ ነበር። እኔ አላዛጋሁም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሄድኩ። ቅጹ «ቤትዎ ውሃ ገብቶበት ያውቃል?» ይላል። «አዎ፣ እስከ ጉልበት» ብዬ ጻፍኩ። ዓረቦኑ ትንሽ ጨመረብኝ፤ ከፈልኩ። ለኢንጂነሯ የነፈግኋትን እውነት ለድርጅቱ አሳምሬ ሰጠሁት። ዞር ስል አግዳሚው ላይ አቶ ጅግሶ ተራ ይጠብቃል። ከእሱ ቀጥሎ፣ ፊቱን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ተክሌ! ማንም ማንንም አልጠየቀም። ስለ ቡና ዋጋ አወራንና ተለያየን።

በዚያው ሳምንት የቧንቧ ጎማ ልገዛ ከድር ሱቅ ገባሁ።

«መምህር፣ ያ የኢንሹራንስ ልጅ እዚህ ድረስ መጥቶ ነዘነዘኝ» አለ እየሳቀ። «የእሳቱን ገዛሁለት። ጎርፉን ግን ምን ሊያደርግልኝ! ሦስት ሽማግሌ ፈርሞበት እኔ ውሃ ፈራሁ ብል ሰው ምን ይለኛል?»

ደረሰኙ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ብነግረው ውሸታም መሆኔን መናገሬ ነው፤ ክፍሎቹም ግድግዳቸው ቆሟል። «ጎማው ስንት ነው?» አልኩት። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዲላ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ለገዳራ ሞላ። ዝናቡ የጣለው ከወንዙ ራስጌ፣ ቡሌ በኩል ነው። ውሃው ችካሎቹን አልፎ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሳይቸኩል ወደ ሰፈራችን ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። የእኛ የሦስታችን ወለልና የቤት ዕቃ ተበላሸ። ዝቅ ያለው የከድር ቤት ግን እስከ ደረት ሞላ፤ ከአራቱ አዳዲስ ክፍሎች ሦስቱ ተደረመሱ፣ የሳሎኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ዘይነባ ያስጎበኘችን ወለል በጭቃ ተቀበረ። ከድር ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄዶ ነበር። የእሳቱን ውል አውጥተው አነበቡለት።

ከቀናት በኋላ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ካሜራውን አንግቶ መጣ። ተክሌ ቤት ገባ፣ ጅግሶ ቤት ገባ፣ ከዚያ የከድርን በር አልፎ እኔ ቤት መጣ። ከድር ሱሪውን ጠቅልሎ በአካፋ ጭቃ እያወጣ ነበር። ሰውየው ግድግዳዬን ሲለካ፣ ፎቶ ሲያነሳ፣ ሲያስፈርመኝ ከድር በአጥር በኩል ቆሞ አየ። የሚሰድበኝ መሰለኝ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ «መምህር» አለኝ ከድር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «እኔ እኮ የላክኋችሁ ልጅቷን እንድታሳምኑልኝ ነበር። እናንተ እኔን አሳመናችሁኝ።»

የካሳው ገንዘብ ከሁለት ወር በኋላ መጣልኝ። ወለሉን አሠራሁ፣ ግድግዳውን ቀባሁ፤ ቤቴ ከበፊቱ አምሯል። ቀለሙን ግን ከሌላ ሱቅ ነው የገዛሁት። በገበያው በኩል ሳልፍም መንገዱን ተሻግሬ በማዶ ጠርዝ ነው የምሄደው።