ጌታችን ኡባልዶ ሌሊት ሌሊት የሚሞተውን ባትሪ ድል እንደ ነሡ

በሲኑ ወንዝ ዳር በሎሪካ ከተማ፣ የቢጫዋ ታክሲ ጌታ፣ የሞንቴሪያ መንገድ ጉድጓዶች ሁሉ በስማቸው የሚያውቋቸው ኡባልዶ ዶሪያ በነዱ በሃያ አንደኛው ዓመት፣ ሁለተኛው ባትሪ ሞቶ ሦስተኛው ባትሪ በነገሠ በአራተኛው ሳምንት፣ የሾፌሮች ጠባቂ የቀርሜሎስ እመቤታችን በዓል ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው የሆነውን ዜና ኃይል እነሆ እንጽፋለን። መኪና ያለው ይስማና ይማር፤ መኪና የሌለውም ይስማና ይጽናና።

ከሰሙነ ሕማማት ወዲህ ታክሲይቱ ማታ ደኅና ገብታ ጧት ሬሳ ሆና ትገኝ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ይላል እንጂ ሞተሩ አይመልስም። ስለዚህም በየማለዳው ሠራዊት ይከት ነበር፤ በቀኝ ክንፍ የጌታችን አበልጅ ፀጉር አስተካካዩ ፊላዴልፎ፣ ማበጠሪያውን በገዛ ፀጉሩ ላይ እንደ ሰካ፤ በግራ ክንፍ ክንደ ብርቱዋ ዓሣ ሻጭ ኑቢያ፣ ዓሣዋን ከድመት ሸሽጋ፤ በደጀንነት የሰፈሩ ዶሚኖ ተጫዋቾች፣ ጠጠራቸውን ባላጋራ እንዳያይባቸው በጡጫቸው እንደ ጨበጡ፤ በፊታውራሪነትም የሰፈሩ ውሻ፣ ምንም ሳይገፋ ከሁሉ በላይ እየጮኸ። ኑቢያም በየማለዳው እንዲህ ብላ አዋጅ ታስነግር ነበር፦

«አንተ ሰውዬ፣ ታክሲ ሰው የሚሳፈርበት ነው ወይስ የሚገፋው? አምስት ልጅ ስወልድ እንኳ እንዲህ አልገፋሁም!»

ጌታችንም በጥበባቸው ብዛት ነገሩን መረመሩ። የመጀመሪያው ባትሪ በሞተ ጊዜ፣ ባትሪ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ጉልበቱ ወደ መሬት ይፈሳል የሚለውን የአባቶች ትምህርት ይዘው፣ በሻጩ ሱቅ ወለል ላይ ፈረዱ። ሁለተኛውም በሞተ ጊዜ የክፉ ዓይን ሥራ ነው ብለው በአዲሱ ባትሪ ላይ ቀይ ጥብጣብ አሰሩ፤ ያችንም ዓይን በልባቸው የኑቢያ አደረጓት፣ ኑቢያ ግን አልሰማችም፤ ብትሰማ ኖሮ ይህ ዜና እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ዲናሞውን አስመረመሩ፤ ጤነኛ ነው ተባለ። ሦስተኛው ባትሪም ጥብጣቡን እንዳሰረ ማለዳ ማለዳ ይሞት ጀመር።

ወእምዝ ክፉ ቀን ቀረበ። የከተማይቱ ሾፌሮች ተሰብስበው፣ በበዓሉ ማለዳ የእመቤታችንን ሐውልት በታክሲው ጣራ ላይ ጭኖ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ወንዙ ሰልፉን የሚመራ ኡባልዶ ይሁን ብለው መርጠው ነበርና። ሾፌር ለሆነ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም፤ ተገፍቶ ከመምራት የሚበልጥ ውርደትም የለም። ፊላዴልፎም ከፀጉር ቤቱ ደጃፍ ቆሞ አወጀ፦

«አበልጄ፣ ነገ እመቤታችንን ጭነን እየገፋንህ አገር ሲስቅብን እኔ መግቢያ ነው የማጣው! ዛሬ መላ ካልመታህ ነገ አላውቅህም!»

ጌታችንም ከምሳ በኋላ ሸሚዛቸውን አውልቀው ወደ ጦር ሜዳ ወጡ። ኮፈኑን ከፈቱ። የኔጋቲቩን ገመድ ከባትሪው ነቅለው በሁለቱ መካከል አንዲት ትንሽ አምፖል አገናኙ፤ በመኪናይቱ ውስጥ ሰው የሚያጠፋው ሁሉ ጠፍቶ ሳለም አምፖሏ በራች። እንግዲህ ሰው ሲተኛ የሚጠጣ ሌባ አለ ማለት ነው። ሌባውንም ሊይዙ ፊውዞቹን አንድ ባንድ ይነቅሉ ጀመር። የሬዲዮው ተነቀለ፣ አምፖሏ አልጠፋችም፤ ሬዲዮው ንጹሕ ነው። ጡሩምባው ንጹሕ ነው። የውስጥ መብራቱም ንጹሕ ነው። ሁሉ ተነቅሎ አንድ ፊውዝ ብቻ ቀረ፤ እሱም የእመቤታችን አክሊል ነበር።

በዳሽቦርዱ ላይ የተተከለች ትንሽ የእመቤታችን ምስል ነበረችና። የጌታችን የኡባልዶ እናት እመይቴ ዴልፊና በሰሙነ ሕማማት ዐሥራ ሁለት አምፖል ያለው አክሊል አሠርተው ደፍተውላት፣ ቀንም ሌሊትም እንዳይጠፋ አዝዘው ነበር። የሰፈሩ ሰው ማታ ማታ በዚያ ብርሃን ፊት ያማትባል፤ ጧት ከባትሪው ጋር ጠፍቶ ሲያገኘውም አብራን አዘነች ይል ነበር። አክሊሉና የባትሪው ሕመም በአንድ ሳምንት እንደ መጡ ያስተዋለ የለም። ደግሞስ እመቤታችንን ማን ደፍሮ ይጠረጥራል?

ጌታችን አማትበው ነቀሉት። አምፖሏ ድርግም አለች።

በዚህ ጊዜ ጌታችን ፈሩ። ከሰማይ ይልቅ እናታቸውን ፈሩ። ሆኖም ፊውዙን በመዳፋቸው ይዘው፣ እመይቴ ዴልፊና ዘወትር ከሚቀመጡበት መስኮት ሥር ቀርበው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወንጀላቸውን ተናዘዙ። ሰፈሩም መብረቅ እስኪወርድ ይጠብቅ ጀመር። እመይቴም ከመስኮታቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ለእመቤታችን ብዬ ያበራሁት መሰለህ? እሷማ ልጅ ያሳደገች ናት፣ መብራት አጥፍቶ መተኛት ታውቃለች። እኔ ነኝ ያቃተኝ። አባትህ የጭነት መኪናውን አስነሥቶ እንደወጣ የቀረ ሰው ነው። አንተ ደግሞ እንደ ሌባ ድምፅህን ሳታሰማ ገብተህ ትተኛለህ። መብራቱን ከዚህ ሳየው፣ ልጄ ገባ እላለሁ። ይኸው ነው።»

ጌታችን እንባ ሲያፈሱ ታዩ፤ ዜና ጸሐፊው ላብ ነው ብሎ ሊጽፍ አስቦ ነበር፣ ግን ላብ አልነበረም። ከዚያም የአክሊሉን ሽቦ ከቁልፉ ጋር አገናኙት፤ ሞተሩ ሲነሣ ይበራ ዘንድ፣ ሲጠፋም ያርፍ ዘንድ። ማታ ከሥራ ገብተው ቁልፉን ከነቀሉ በኋላም ወደ እናታቸው ክፍል ሄደው፣ በበሩ ላይ ቆመው፣ በዘመናቸው ካወጁት ሁሉ አጭሩን አዋጅ አወጁ፦

«እማ፣ ገብቻለሁ።»

ከውስጥም መልስ መጣ፦ «ሰምቻለሁ። እግርህን ታጥበህ ተኛ።»

በበዓሉ ማለዳ ሠራዊቱ እጅጌውን ሰብስቦ ተሰለፈ። ጌታችን ቁልፉን አዞሩ፤ ሞተሩም ባንድ ቃል ተነሣ፣ ፊታውራሪው ውሻ ደንግጦ ሸሸ፣ ዐሥራ ሁለቱ አምፖሎች ቦግ አሉ። ኑቢያም ባዶ እጇን እያየች «ታዲያ እኛን በሌሊት ከአልጋ ምን አስነሣን?» ብላ አወጀች፤ ቅር እንዳላት ሁሉም አስተዋለ። ሰልፉም በጡሩምባ እየተናወጠ እስከ ወንዙ ደረሰ፣ የገፋም አልነበረም።

ክብር ለኡባልዶ ዶሪያ ይሁን፤ ሲሚንቶን ከሐሜት ላዳኑ፣ ኑቢያን ሳትከሰስ ነፃ ላወጡ፣ ሃያ አንድ ዓመት ከተሳፋሪ ሁሉ ጋር ሲያወሩ ኖረው ለእናታቸው የሚሆን አንዲት ቃል ላገኙ። እመይቴ ዴልፊናም ከዚያች ማታ ጀምሮ መስኮቱን ዘግተው ይተኛሉ።