«አላውቅም» ያለው ሳይንቲስት

የተማረ ሰው በጉባኤ ፊት «አላውቅም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሳይንቲስት የሚባለውን ፍጥረት ሰበታ ላይ እስካይ ድረስ አልሰማሁም ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። የወረዳችን ገዢ ሰብስበውን፣ ኮሶ መርዝ ስለሆነ በአዲሱ የመድኃኒት ደንብ መሸጡ ተከለከለ አሉ። እኛም እንደ ልማዳችን አጨበጨብን። ከአዲስ አበባ የመጣው ሳይንቲስት ግን ተነሣ።

«ይጎዳ እንደሆነ፣ ያድን እንደሆነ እኔ ገና አላውቅም። ከባልደረቦቼ ጋር ደንቡ እንደገና ይመርመር የምንለውም ለዚሁ ነው» አለ።

እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ ስለማላውቅ፣ ጣራው የሚደረመስ መስሎኝ ቀና አልኩ።

ኮሶ ሻጩ ኦቦ ቶሎሳ ብድግ አሉ። «ልጄ፣ ባሕር ማዶ ሄደህ የተማርከው ይህን ማለት ነው?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

ኦቦ ቶሎሳ ወደ ገዢው ዞረው እጅ ነሡ። «እንግዲያው ጌታዬ፣ እርስዎንም መንግሥት ባሕር ማዶ ይላክልን።»